አልፎ መሄድና አይቶ መሄድ

ቅዳሜና እሁድ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ እንጦጦ፣ ወደ የረር፣ ወደ ወንጪ፣ ወደ መናገሻ ሱባ የሚጓዙ የሃይኪንግ ቡድኖች እየበዙ መጥተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የከተማ ልጅ ተራራ ሲወጣ ማየት ባዮሎጂ ለማስተምረው ለእኔ ከልብ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ከጉዞ የተመለሰን ሰው «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ?» ብትሉት ከስልኩ ላይ አንብቦ እስከ ነጥቡ ይነግራችኋል። «ምን ምን ዛፍ አያችሁ?» ካላችሁት ግን «ጫካው በጣም ያምራል» ብሎ ያልፋል። አዎ፣ ያምራል። ከምን ከምን እንደተሠራ ሳናውቅ መመለሳችን ነው የሚያሳዝነኝ።

በዚህ ማብራሪያ ተጓዥ በመንገዱ ላይ ያለውን ተፈጥሮ እንዴት አብልጦ ሊያስተውል እንደሚችል አሳያለሁ። ምሳሌ የማደርገው መናገሻ ሱባን ነው። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። ወጨጫ ከጠፋ ረጅም ዘመን ያስቆጠረ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን ጥድ አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። እዚያ የሚሄድ ሰው ትውልድ ከትውልድ ሲጠብቀው በኖረ ደን ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ዓይን ተከፍቶ ለምን አያይም?

እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ይፋ አደረጉ። ነጭና ጥቁር ልብስ የለበሱ ሁለት ቡድኖች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ አጭር ፊልም ለተመልካቾች አቀረቡ፤ ነጭ የለበሱት ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩም ጠየቋቸው። በፊልሙ መካከል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ከተጫዋቾቹ መሐል ገብቶ፣ ደረቱን ደልቆ፣ ዘና ብሎ ወጣ። ከተመልካቾቹ ግማሽ ያህሉ ጎሪላውን አላዩትም። ዓይናቸው ጤነኛ ነበር፤ ልባቸው ግን ቆጠራው ላይ ነበር።

ተጓዥም ርምጃና ሰዓት ሲቆጥር፣ ከፊቱ ያለው ሰው እንዳይቀድመው ሲጣደፍ፣ ከአጠገቡ ያለው ዛፍ ያመልጠዋል። ስለዚህ አብልጦ ማስተዋል የሚጀምረው ለአእምሮ ሌላ ሥራ በመስጠት ነው። «ዛሬ ቅርፊት ብቻ ነው የማየው» ብሎ የተነሳ ሰው፣ ቅርፊት የማያይበት ርምጃ አይኖረውም። ሁሉንም አያለሁ ያለ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ምንም ሳያይ ይመለሳል።

ሌላም ምክንያት አለ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። ዓይናችን በሙሉ ጥራት የሚያየው ከዚያ ጥፍር ብዙም የማይሰፋ ቦታ ነው። ዙሪያው ደብዘዝ ይላል፤ እንቅስቃሴን ግን ቶሎ ይይዛል። አደን የኖረበት ሰው ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ አንድ ቦታ ላይ ዓይኑን ተክሎ በዳር በዳር ያለውን ይጠብቃል። እናንተም ከአንድ ግንድ ላይ ዓይናችሁን ሳታነሱ በግራና በቀኝ ምን እንደሚንቀሳቀስ ተከታተሉ። ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ሲወዛወዝ ካያችሁ፣ እዚያ ጉሬዛ ወይም ጦጣ ሊኖር ይችላል።

መቆም

ከሁሉም የሚበልጠው ዘዴ ይህ ነው፤ ተማሪዎቼም መጀመሪያ ላይ የሚሰለቹት ይህንኑ ነው። ሰው ሲራመድና ሲያወራ ወፎቹ ዝም ይላሉ፣ ድኩላው ከቁጥቋጦው ውስጥ ሳይነቃነቅ ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ያለፍንበት ደን ለእኛ ብሎ ዝም ያለ ደን ነው። ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብላችሁ ግንድ ተደግፋችሁ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ወሬ ተቀመጡ። መጀመሪያ ትንንሾቹ ወፎች ይመለሳሉ። ከዚያ ቅጠል ውስጥ የሚጫጫሩት ይሰማሉ። ዕድለኛ ከሆናችሁ የምኒልክ ድኩላ ይወጣል። ወንዱ ጥቁር ሊባል እስኪችል የጠቆረ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር የድኩላ ዝርያ ነው። ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ ከውሻ ጩኸት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ተጓዥ «የእረኛ ውሻ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ለሰዓቱ ተጠንቀቁ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወፎች አብዝተው የሚዘምሩበትና የሚመገቡበት ነው። ብዙ ቡድኖች ደኑ የሚደርሱት ግን ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ደኑ ማረፍ ሲጀምር ነው።

ሁለቱ ጥዶች

አሁን አንድ ዛፍ በቅርበት እንይ። ወደ ሱባ ስትገቡ፣ በታችኛው የደኑ ክፍል፣ በሰው እጅ በረድፍ የተተከሉ ዛፎች ታገኛላችሁ። ከእነዚህ አንዱ የፈረንጅ ጥድ ነው። ከፍ ስትሉ የሐበሻ ጥድ ይቀበላችኋል። ከሩቅ የሚመሳሰሉ ስለሆኑ ብዙ ሰው ሁለቱንም «ጥድ» ብሎ ያልፋል። መለየት ግን ለሕፃን እንኳ የሚከብድ አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ጎንበስ ብላችሁ የወደቀውን ፍሬ አንሱ።

የፈረንጁ ጥድ ፍሬ እንጨት ነው። ጠንካራና ድቡልቡል ሆኖ ላዩ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች አሉት፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ተከፍቶ ዘሩን ይበትናል። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ግን ትንሽ፣ ለስላሳና ክብ ነው፤ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄዳል፣ ላዩም አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። በጣት ሲጨፈለቅ ሙጫ የሚሸት ሥጋ አለው። ይህ ልዩነት ለዓይን ብቻ አይደለም። እንጨት ፍሬ ያለው ዛፍ ዘሩን የሚበትንለት ነፋስ ነው። ሥጋ ያለውን ፍሬ ግን ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩንም ርቀው ሄደው ይጥሉታል። ስለዚህ የሐበሻ ጥድ ያለበት ደን ወፎች የሚመገቡበት ደን ነው፤ ወፎቹ ከጠፉ ጥዱም አዲስ ቦታ መድረስ ይሳነዋል። ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተንጫጩ የሚበሩ፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ያለው ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ካያችሁ፣ የጥድ ፍሬ ከሚወዱት ወፎች መካከል ናቸው።

ቅርፊቱንም ዳስሱት። የሐበሻ ጥድ ቅርፊት ከላይ ወደ ታች በረጃጅም ልጥ እየሆነ ይነሳል። ከአጠገቡ ያለው ዝግባ ደግሞ ቅርፊቱ በተጠማዘዙ ትንንሽ ቅርፊቶች ተፈቅፍቆ ይወድቃል፣ ሥሩን ስታዩ ምድሩን ሞልቶት ታገኛላችሁ። ዝግባ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ቀጭን ስለሆነ የጥድ ዘመድ አይመስልም፤ ግን ነው። በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ከጥድ ወገን የሆኑ ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የሐበሻ ጥድና ዝግባ። ሁለቱንም በአንድ ቦታ ቆሞ ማየት የሚቻልበት ደን ለከተማችን እንዲህ ቅርብ ሆኖ ሳለ ሳናያቸው ማለፋችን ያንገበግበኛል።

ከመንገዱ ሳትወጡ ሌላ ንጽጽር አድርጉ። በረድፍ በተተከለው ዛፍ ሥር ያለውን መሬት ተመልከቱ፤ ከደረቀ ቅጠል በቀር እምብዛም ነገር የለም። በተፈጥሮው ደን ሥር ግን አጋም፣ ቀጋ፣ ቀጨሞ፣ ሳማና የዛፍ ችግኝ ተሸራርበው ይበቅላሉ። «ደን» እና «ዛፍ የተተከለበት ቦታ» የሚለያዩት ወደ ላይ በማየት ሳይሆን ወደ ታች በማየት ነው።

ወንድ ዛፍ፣ ሴት ዛፍ

ሰዎች ሲሰሙ የሚገረሙበት ነገር አለ። የሐበሻ ጥድም፣ ዝግባም፣ ኮሶም ወንድና ሴታቸው የተለያየ ዛፍ ነው። ፍሬ የሌለበት ጥድ ካያችሁ ታሞ ወይም መክኖ ላይሆን ይችላል፤ ወንድ ሊሆን ይችላል።

በኮሶ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይደምቃል። ወደ ላይ ከፍ ስትሉ ቀላ ያለ፣ በስስ ሽፋን የሚላጥ ግንድ ያለው፣ ቅጠሉ ትልልቅና በዝርዝር የተሰደረ ዛፍ ታገኛላችሁ። አበባው በትልልቅ ዘለላ ይንጠለጠላል። የሴቷ ዘለላ ክብድ ያለና ወደ ቀይ የሚያደላ ነው፤ የወንዱ ሳሳ ያለና ወደ ብርቱካንማ ወይም ወደ ነጭ ያደላል። ለኮሶ ትል መድኃኒት ሆኖ ለዘመናት ሲጠጣ የኖረው የሴቷ አበባ ነው። አያቶቻችን ወንዱን ከሴቷ ለይተው ያውቁ ነበር፣ ምክንያቱም መለየት ነበረባቸው። እኛ ዛሬ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ስለምንገዛ ዛፉን ማየት ትተናል።

ሽቅብ ሲወጡ የሚለወጠው

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ዛፎቹ ይህን ያውቁታል። ከታች ዝግባና ወይራ ከጥድ ጋር ይገኛሉ፤ መካከል ላይ ጥዱ ገዝፎ ይነግሣል፤ ከላይ ኮሶ ይበረክታል፤ ወደ ጫፉ ስትጠጉ ዛፉ ሁሉ እያጠረ ሄዶ አስታና ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይቀራሉ። የአስታን ቅጠል በጣታችሁ ዳስሱ፤ ደቃቃና ደረቅ ነው። ትልቅ ቅጠል በነፋስና በፀሐይ ብዙ ውሃ ያባክናል፤ ትንሽ ቅጠል ይቆጥባል። ስለዚህ ድካሙ ሲሰማችሁ ቆም በሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከአንድ ሰዓት በፊት ያየሁት የቱ ዛፍ ነው አሁን የጠፋው? ለዚህ መልስ መስጠት የቻለ ሰው ተራራውን በሚገባ ወጥቶታል።

እዚህ ከፍታ ላይ ከቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ግራጫ አረንጓዴ ነገር አለ። ብዙ ሰው የዛፍ በሽታ ወይም ጥገኛ ተክል አድርጎ ይቆጥረዋል። ላይከን ይባላል፤ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ፍጡር ነው። ሥር ስለሌለው ውሃውን ከጉምና ከአየር ይወስዳል፤ ዛፉን አይጠባም። አየር በጭስ ሲበከል ቀድመው ከሚጠፉት አንዱ እንዲህ የሚንጠለጠለው ላይከን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ላይ ፈልጉት፤ ከዚያ ከወጨጫው ጋር አስተያዩ።

ጆሮ

ሁለት መዳፋችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ አድርጋችሁ ወደ ፊት ጎበጥ አድርጓቸው። ከፊት የሚመጣው ድምፅ ወዲያው ጎላ ይላል። ዓይናችሁን ጨፍኑና ድምፆቹን በአቅጣጫ ለዩ። ግንደ ቆርቁር የደረቀ ግንድ ሲወቃ፣ ጉሬዛ ከንጋት በፊት ከጉሮሮው ሲያጓራ፣ ነፋስ በጥድ ሲያልፍና በኮሶ ሰፊ ቅጠል ሲያልፍ የሚለያየው ድምፅ፣ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው።

ወፍ በድንገት አጭር ሹል ድምፅ እየደጋገመ ከጮኸ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሰማይም ወደ መሬትም ተመልከቱ፤ ጭልፊት ወይም ድመት መሰል አውሬ ያስበረገገው ይሆናል። በዚህ ደን ውስጥ ከሁሉም በላይ የምወደው ጉንጩ ነጭ የሆነ፣ ጅራቱ ረዥም፣ አረንጓዴ ወፍ አለ። ሲቀመጥ ከቅጠሉ አይለይም፤ በቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ ይሄዳል። ክንፉን ዘርግቶ ሲበር ግን ደማቅ ቀይ ይታያል። ያ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ቀለም ሲሆን የሚገኘው በዚህ ወፍና በቅርብ ዘመዶቹ ላባ ብቻ ነው። በቆመበት ያላየ ሲበር ያየዋል፤ ለዚህም ቀድሞ ድምፁን መስማት ይረዳል።

መሬት ላይ የቀረው

እንስሳውን ባታዩም ያለፈበትን ታያላችሁ። ዝናብ የጣለበት ጭቃ ላይ ሁለት ሹል ጣት ያለው ትንሽ ኮቴ የድኩላ ሊሆን ይችላል። ደርቆ የነጣ ኩስ ካገኛችሁ የጅብ ሊሆን ይችላል፤ የሚነጣው አጥንት ስለሚበላና በአጥንት ውስጥ ያለው ካልሲየም ስለሚቀር ነው። ከዛፍ ሥር እየተነከሰ የተጣለ ትኩስ ቅጠል ተበትኖ ካያችሁ ቀና በሉ፤ ጉሬዛ ከላይ እየበላ ይሆናል። ጉሬዛ በአብዛኛው ቅጠል በሊታ ነው፤ ጨጓራው ቅጠሉን ለማብላላት የተከፋፈለ ነው፤ አውራ ጣቱም ተመናምኖ የጠፋ ያህል ነው። አዲስ የተወለደው ግልገል ሙሉ በሙሉ ነጭ ስለሆነ ከጥቁሯ እናቱ ደረት ላይ ከሩቅ ይለያል።

ገብረ ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካያችሁ ረጋ ብላችሁ ከጎን ቁሙና ሰልፉን ተከታተሉ፤ ዳር ዳሩን የሚጠብቁት ወታደሮች ጭንቅላታቸው ትልቅ ነው። እግራችሁን ግን ከሰልፉ አርቁ።

ስለ ሽታ ብዙ አልልም። ዝናብ ሲያባራ አፈሩ የሚሰጠው ሽታ በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከሚያመርቱት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። የማታውቁትን ቅጠል ግን ጨፍልቃችሁ አታሽትቱ፣ ወደ አፍም አታስጠጉ።

ዛፍን በዱላ መለካት

ዓይን ዝም ብሎ ከሚያይ ሲለካ ይሰላል። ክንዳችሁን ስትዘረጉ ከዓይናችሁ እስከ ጭብጣችሁ ያለውን ርቀት የሚያህል ቀጥ ያለ ዱላ ከመሬት አንሱ። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርግታችሁ ዱላውን ከታች ጫፉ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። አሁን ከዛፉ እየራቃችሁ ሂዱ፤ የዱላው የታችኛው ጫፍ ከዛፉ ሥር፣ የላይኛው ጫፍ ከዛፉ አናት ጋር ሲገጥም ቁሙ። ከዛፉ እስከ ቆማችሁበት ያለው ርቀት የዛፉን ቁመት ያህላል። ምክንያቱ በሒሳብ ክፍል የተማራችሁት የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ ነው፤ ከዓይን እስከ ዱላው ያለው ርቀትና የዱላው ርዝመት እኩል ከሆኑ፣ እስከ ዛፉ ያለው ርቀትና የዛፉ ቁመትም እኩል ይሆናሉ። መሬቱ ደልዳላ የሆነበት ቦታ ምረጡ። የሐበሻ ጥድ እስከ 40 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ስትለኩት ግን ቁጥሩ ከመጽሐፍ የተነበበ መሆኑ ቀርቶ በእግራችሁ የሄዳችሁት ይሆናል።

ደብተርና ስልክ

ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ እርሳስ ዝናብ አያጠፋውም። በአንድ ጉዞ አንድ ቅጠል ሳሉ። ሥዕል የማይችል ሰው የለም ማለቴ አይደለም፤ የምትስሉት ለሌላ ሰው ስላልሆነ ችሎታው አያስፈልግም። የቅጠሉ ዳር ጥርስ አለው? ደም ሥሮቹ ተፋጥጠው ነው ወይስ ተፈራርቀው የሚነሱት? እርሳስ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ ግድ ይላችኋል፤ ካሜራ አይላችሁም። ቀኑን፣ ከፍታውንና የአየሩን ሁኔታ ከጎኑ ጻፉ። በመስከረም የሄደና በኅዳር የሄደ ሰው ሁለት የተለያየ ደን ነው የሚያየው፤ አደይ አበባ ይመጣል ይጠፋል፤ ክረምታቸውን ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች እስከ መጋቢት ገደማ ከእኛ ጋር ይቆያሉ።

ስልክ ክፉ አይደለም። እንደ አይናቹራሊስት ያሉ መተግበሪያዎች ፎቶ ላይ ተመሥርተው የዝርያ ግምት ይሰጣሉ። መጀመሪያ ራሳችሁ አይታችሁ ግምታችሁን ጻፉ፣ ስልኩን ከዚያ በኋላ ጠይቁ።

ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ

ከየትኛውም መተግበሪያ የሚበልጥ መምህር ደን ጠባቂውና እረኛው ነው። በሱባ አካባቢ ያለ ሰው ጥዱን ጋቲራ፣ ዝግባውን ቢርቢርሳ፣ ኮሶውን ሄጦ፣ ወይራውን ኤጀርሳ ይለዋል፤ እነዚህን አራት መጠሪያዎች ይዛችሁ ብትሄዱ ወሬ ለመጀመር ይበቃል። «ጋሼ፣ ይሄ ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የትኛው ለሞፈር፣ የትኛው ለቀፎ፣ የትኛው ለጥርስ መፋቂያ እንደሚሆን ትሰማላችሁ። ቤት ስትመለሱ ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የአዜነ በቀለ ተሰማ የዛፎችና ቁጥቋጦዎች መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም ሥዕልና የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ መጠሪያዎችን ይዟል።

ሱባ መድረስ የማይችል ሰው ወደ አቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይሂድ። በጎጃምና በጎንደር ዙሪያው ተመንጥሮ ሳለ የቀሩት የቆዩ ጥዶች፣ ወይራዎችና ዝግባዎች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። አዲስ አበባም ውስጥ አሉ።

ለጉዞ አዘጋጆች

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰውን ከቤቱ አውጥታችሁ ተራራ ላይ ማድረሳችሁ ታላቅ ሥራ ነው። ሦስት ነገር ጨምሩበት። ከከተማ የምትነሱበትን ሰዓት ወደ ንጋት አስጠጉት። ስፒከሩን መኪና ውስጥ ተዉት፤ ደኑ ውስጥ የሚኖሩት ለእናንተ ሙዚቃ ብለው ቤታቸውን ለቀው መሄድ የለባቸውም። በመርሐ ግብራችሁም ላይ፣ ከምሳና ከፎቶ እኩል፣ ለዝምታ ግማሽ ሰዓት መድቡ፤ ከዝምታው በኋላም ለአካባቢው ደን ጠባቂ ከፍላችሁ አንድ ዛፍ ሥር እንዲያስተምር አድርጉ። የሚመጣው ቅዳሜ ላይ ሞክሩት።